አንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ቋንቋ ለማድረግ

ሂንዲና ኡርዱ ለመማር መወሰንዎን ስሰማ ከልብ ደስ አለኝ። አይፍሩ። ሁለት ቋንቋ በአንድ ጊዜ መጀመር ይከብዳል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እዚህ ላይ ግን ሥጋታቸው ቦታውን ስቷል። መማሩ ቀላል ነው፤ የሚማሩት አንድ ነገር ነውና። የሚከብደው ከተማሩ በኋላ መለየቱ ነው። እሱንም ቢሆን ትልልቅ ሊቃውንት ሁለት መቶ ዓመት ያህል ደክመው መንገዱን ጠርገውልዎታል። ከእርስዎ የሚጠበቀው ተረጋግቶ መከተል ብቻ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እነግርዎታለሁ፤ በዚህ እንኳ እንዳይቸገሩ።

አስቀድመው «ህንድኛ» የሚለውን ቃል ይተዉ። የህንድ ፊልም እያየን ያደግን ሰዎች የሰማነውን ሁሉ በዚህ ቃል ጠቅልለን እንጠራ ነበር። ቃሉ የዋህ ነው። ዴልሂ የሚነገረውንም ላሆር የሚነገረውንም ሳይጠይቅ ያስገባል፤ ጥፋቱም ይኸው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ዴልሂ ላይ ሲሰሙት «ሂንዲ» ይበሉ፤ ላሆር ላይ ሲሰሙት «ኡርዱ» ይበሉ። ዱባይ ታክሲ ውስጥ ከሰሙት ለጊዜው ዝም ይበሉ። ሾፌሩ ከየት እንደመጣ ሲያውቁ የተናገረው ቋንቋ ምን እንደነበር ያን ጊዜ ይታወቃል።

አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር እንምረጥ። አጭር ይሁን። «ጆ ለርካ ከል ኣያ ታ ዎ ሜራ ባኢ ሄ።» በአማርኛ «ትናንት የመጣው ልጅ ወንድሜ ነው» ማለት ነው። ጮክ ብለው ይበሉት። ይድገሙት። ላሆር ያለ ሰው ቢሰማው ኡርዱ ነው ይልዎታል፤ ዴልሂ ያለው ሂንዲ ነው ይልዎታል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። አይደንግጡ፤ ይህን እናስተካክለዋለን።

ከማስተካከላችን በፊት ግን የዓረፍተ ነገሩን አጥንት ማየት አለብዎ። አማርኛ ተናጋሪ ስለሆኑ ግማሹን መንገድ ተጉዘዋል፤ ግሡ እንደ እኛው መጨረሻ ላይ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እኛ ልጁን በመምጣቱ ለመግለጽ ስንፈልግ «የመጣው» እንላለን፤ ሸክሙን ሁሉ አንዲት «የ» ላይ ጭነን ከስሙ ፊት እናስቀምጣለን። እነሱ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ይከፍሉታል። ፊተኛው ክፍል በ«ጆ» ይነሣል፤ ኋለኛው በ«ዎ» ይመልሳል። አዝማሪና ተቀባይ ናቸው፤ አንዱ ካወጣ ሌላው ሳይቀበል አያድርም።

«ጆ» ጥያቄ እንዳይመስልዎ። ለጥያቄ ሌላ ቤተሰብ አለ፤ እሱ በ«ክ» ይጀምራል። «ከብ» መቼ፣ «ከሃን» የት፣ «ኬሳ» ምን ዓይነት፣ «ኪትና» ምን ያህል። እነዚህን ይያዙና «ክ»ን በ«ጅ» ይለውጡ። «ጀብ»፣ «ጀሃን»፣ «ጄሳ»፣ «ጂትና» ይሆናሉ፤ መጠየቃቸውን ትተው መጠቆም ይጀምራሉ። ከዚያ ተቀባዮቻቸውን ያዘጋጁ፤ «ተብ»፣ «ወሃን»፣ «ዌሳ»፣ «ኡትና»። «ጀብ» ብለው ከተነሡ «ተብ» ላይ ያርፋሉ። «ጀሃን» ብለው ከወጡ «ወሃን» ይገባሉ። ሐረጉ ቢረዝም፣ መሐል ላይ ሦስት ዘመድና አንድ ሠርግ ቢገባበት እንኳ አይጨነቁ። ተቀባዩ መጨረሻ ላይ ቆሞ ይጠብቅዎታል። ጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ ሳንስክሪትም የዛሬ ሦስት ሺህ ዓመት ነገሩን በዚሁ መንገድ ይገጥመው ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ይቆዩ፤ የሚያምረው ይህ ነው። ኡርዱ ከፋርስኛ ፊደሉን ተዋሰ፣ የግጥም ስልቱን ተዋሰ፣ ቃላቱንም በጆንያ አስመጣ። ይህን አጥንት ግን አልነካውም። የሳንስክሪት ልጅ የሆነው «ጆ» እጅግ ፋርስ ፋርስ የሚሸት የኡርዱ ዓረፍተ ነገር ራስ ላይ እንደ ባለቤት ተቀምጧል። በሌላ በኩል ሂንዲን ከባዕድ ቃል ለማጽዳት የተነሡ ሰዎች ጠርገው ጠርገው «ኪ» የምትባል አንዲት ማያያዣ ጋ ሲደርሱ መጥረጊያቸውን አስቀመጡ። ፋርስኛ ናት። «እሱ እንዲህ አለ» ብሎ ለመቀጠል፣ «ይመስለኛል» ለማለት፣ «ይታወቃል» ለማለት፣ ሁሉም በእሷ በኩል ያልፋል። ስለ ቋንቋ ንጽሕና የሚናገር ባለሥልጣን «እኔ የምለው» ብሎ አፉን ሲከፍት ገና ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቃል ላይ ፋርስ ትወጣለች። ምክሬ ይህ ነው፤ ይስሙና ዝም ይበሉ። በንግግር መሐል ሰው ማቋረጥ ነውር ነው።

እንግዲህ ወደ መለየቱ እንግባ። በዓረፍተ ነገር መዝጊያ እንጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው።

በሂንዲ ሲጽፉ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ቀጥ አድርገው ያቁሙ። የመጽሐፍ ስሙ «ፑርን ቪራም» ነው፤ ዱላ ስለሚመስል «ዳንዳ»ም ይሉታል፤ ዱላ ማለት ነውና። በኡርዱ ሲጽፉ ያንኑ ዱላ ያስተኙት። አጭር ሰረዝ ሆኖ መስመሩ ላይ ይጋደማል፤ ስሙም «ኸትማ» ነው። ክብ ነጥብ ያላደረጉት በቂ ምክንያት ስላለ ነው። የኡርዱ ፊደላት አንገታቸው ላይም እግራቸው ሥርም ነጥብ አላቸው፤ መጨረሻ ላይ አንድ ቢጨመር የማን እንደሆነ ማጣራት ሊያስፈልግ ነው። በአራት ነጥብ ያደገ ሰው ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ሲያይ ሊገርመው ይችላል፤ ግን ይልመዱት። ዴልሂ የቆመው፣ ላሆር የተኛው። በመካከላቸው ያለው 90 ዲግሪ ነው። ትናንት የመጣው ወንድሜ አሁን ሁለት ቋንቋ ሆነ።

አንድ የሚረብሽ ነገር ልንገርዎ፤ ወዲያው ይርሱት። አንዳንድ የሂንዲ መጽሔቶች ዱላውን ትተው የእንግሊዝኛዋን ጥቃቅን ነጥብ ያስቀምጣሉ። ማራቲ የሚባለው የሕንድ ቋንቋ ደግሞ በሂንዲ ፊደል እየተጻፈ የሚዘጋው በዚያችው ነጥብ ነው። ይህን ያየ ሰው ነጥቡም ዱላውም ያን ያህል ሃይማኖት የላቸውም ብሎ ሊያስብ ይችላል። አያስቡ።

ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚገባ መጠየቅዎ አይቀርም። ጥሩ ጥያቄ ነው። የቀድሞ ጸሐፊዎችን ብንጠይቃቸው የትም አይገባም ይሉን ነበር። የድሮዎቹን የእጅ ጽሑፎች ቢያዩ ገጹ ሙሉ ሲወርድ አንዲት ማረፊያ የለበትም፤ አንባቢውም አይወድቅም። ለምን እንዳይወድቅ ሆነ? «ጆ» ሲመጣ አንባቢው ትንፋሹን ይይዛል፤ «ዎ» ሲመጣ ይለቃል። ሰረዙ ቃሉ ውስጥ ነበር። ማተሚያ ቤትና የእንግሊዝ ትምህርት ቤት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲስፋፉ ግን ሁለቱም ወገን የእንግሊዝኛውን ምልክቶች አስገባ። ሂንዲ ነጠላ ሰረዙንና የጥያቄ ምልክቱን እንዳሉ ወሰዳቸው። ኡርዱ ሰረዙን ገለበጠው፣ ጥያቄውን ፊቱን አዞረው። ስለዚህ «ጆ ለርካ ከል ኣያ ታ» ካሉ በኋላ ሰረዝ ያስገቡ። አያስፈልግም፤ ቢሆንም ያስገቡ። «ዎ» ሥራውን ሲሠራ አጠገቡ ቆሞ የሚያይ አንድ ተቆጣጣሪ ቢኖር ምን ይጎዳል? ብቻ ሰረዙ ወዴት እንደዞረ ደጋግመው ያረጋግጡ። ከሁለት አንዱ አገር ውስጥ በተሳሳተ አቅጣጫ የሚያየው እሱ ነው።

ስለ ተቀባዩ ቃል አጻጻፍ አንድ ነገር ይወቁ። ሂንዲ «ዎ»ን እንደሚናገረው አይጽፈውም፤ ለአንድ ሲሆን «ቨህ»፣ ለብዙ ሲሆን «ቬ» ብሎ ይጽፍና ተናጋሪው ሁለቱንም «ዎ» ብሎ ያነባል። ኡርዱም «ወ»ና «ህ» ብሎ ይጽፍና «ዎ» ብሎ ያነባል። በዚህ ላይ መስተዋድድ ሲከተለው ቃሉ «ኡስ» ይሆናል፤ «ይህ» የሚለው ደግሞ «ኢስ» ይሆናል፤ አጭር አናባቢ ስለማይጻፍ ሁለቱ ወረቀት ላይ ፍጹም አንድ ናቸው። ያኛው ይሁን ይኸኛው፣ ልጁ የመጣው ይሁን የቀረበው፣ ከፊትና ከኋላ እያዩ ይገምታሉ። ዓረፍተ ነገሩን ተሸክማ የምትቆመው ትንሿ ቃል እንደምትነገር እንዳትጻፍ ሁለቱም ወገን፣ ያለ ምንም ጉባኤና ያለ ኮሚቴ፣ ተስማምተዋል። በመካከላቸው ስምምነት የለም ለሚልዎ ሰው ይህን ይንገሩት።

ቀጥሎ ልብስ እናልብሰው። «ልጅ»፣ «ትናንት»፣ «ወንድም» የሚሉት ቃላት የማንም ናቸው፤ ለመለየት አይመቹም። ከቤት ቃላት ይራቁ። ትምህርት ቤት የሚማረውን ልጅ ይውሰዱ። በአንዱ ወረቀት ላይ «ጆ ቪድያርቲ ፕረቲክሻ ከር ረሃ ሄ» ብለው ይጻፉ። በሌላው «ጆ ታሊብ ኢልም ኢንተዛር ከር ረሃ ሄ» ይበሉ። «እየጠበቀ ያለው ተማሪ» ማለት ነው፤ ሁለቱም። ፊተኛው ቃላቱን ከሳንስክሪት አምጥቷል፤ ኋለኛው ከአረብኛ፣ በፋርስ በኩል። ጥሩ ሥራ ሠርተዋል። አሁን ሁለት የዴልሂና የላሆር እናቶች ቢያነቡት ሁለቱም መዝገበ ቃላት ይፈልጋሉ። «ጆ» ሲጀምር፣ «ከር ረሃ ሄ» ሲዘጋ ግን ያው ነው፤ እዚያ ላይ እጅዎን አያስገቡ። እስካሁን ያስገባ ሰው የለም።

ይህን የልብስ ሥራ ማን እንደጀመረው ማወቅ ይጠቅምዎታል። በ1800 ካልካታ ውስጥ ፎርት ዊልያም ኮሌጅ ተከፈተ፤ የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ወጣት ሹማምንቱን ቋንቋ ሊያስተምርበት። ጆን ጊልክሪስት የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም የአገሩን ጸሐፊዎች ሰብስቦ መማሪያ አስጻፈ። ሚር አምማን በፋርስ ፊደል ጻፈ። ለሉ ላል ሂንዲ በሚጻፍበት በናጋሪ (ዴቫናጋሪ) ፊደል፣ የፋርስና የአረብ ቃል እየለቀመ እያወጣ ጻፈ። ሁለቱንም ያሠራቸው አንድ ኮሌጅ ነበር። በዚያው ዘመን ኢንሻ አላህ ኻን የሚባል ስመ ጥር የኡርዱ ገጣሚ አንድ ተረት በአገሬው ቃል ብቻ፣ የውጭ ቃል ሳይቀላቅል ለመጻፍ ከራሱ ጋር ተወራርዶ ጻፈው። ዛሬ ያ ተረት ከመጀመሪያዎቹ የሂንዲ ስድ ንባቦች ጋር ይቆጠራል። እንግዲህ ለሂንዲ ውለታ መዋል ከፈለጉ መንገዱ ይታያል፤ ጥሩ የኡርዱ ገጣሚ ይሁኑ።

ደራሲ ለመሆን ካሰቡ ፕሬምቻንድን አርአያ ያድርጉ። በኡርዱ ጀመረ፣ ወደ ሂንዲ ተሻገረ፣ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አልተወም። «ባዛረ ሁስን» የሚለውን ልቦለድ በኡርዱ ጻፈው፤ አስቀድሞ የታተመው ግን በሂንዲ፣ «ሴቫሰደን» ተብሎ ነው። በሂንዲ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። በኡርዱ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥም ይገኛል። ሁለቱን መጻሕፍት በአንድ መደርደሪያ ላይ አያስቀምጡ።

የልብሱን ጉዳይ ለስሜት አይተዉት፤ በሕግ ያስደግፉት። በ1900 የሰሜን ምዕራብ ግዛቶችን የሚያስተዳድረው አንተኒ ማክዶኔል ናጋሪ ፊደል ፍርድ ቤት እንዲገባ ፈቀደ፤ እስከዚያ ድረስ በፋርስ ፊደል ብቻ ነበር። ትዕዛዙ ወጣ፣ ጉባኤዎች ተጠሩ፣ ሰው ስለ ፊደል ሌሊት መተኛት አቃተው። ጋንዲ ቋንቋው አንድ «ሂንዱስታኒ» ሆኖ በሁለቱም ፊደል ይጻፍ ብለው መከሩ፤ ደግ ሰው ስለነበሩ ማንም አልተቆጣቸውም፤ ማንም አልሰማቸውምም። መስከረም 14 ቀን 1949 የሕንድ ሕገ መንግሥት ጉባኤ ሂንዲ በዴቫናጋሪ ፊደል ብሎ ወሰነ፤ አንቀጽ 351 ደግሞ ቃል ሲጎድል በቅድሚያ ከሳንስክሪት ይወሰድ ይላል። ሕገ መንግሥት ስለ መዝገበ ቃላት ሲያስብ ማየት ያጽናናል። አገሩ ሌላ ችግር እንደሌለበት ያሳያል።

በሌላው ወገን ፓኪስታን ኡርዱን ብሔራዊ ቋንቋ አደረገች። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ቋንቋዎን ከጎረቤት በደንብ ከለዩት በኋላ ለሌላ ሰው ለማካፈል ይፈተኑ ይሆናል። በ1948 የፓኪስታን መሥራች ጂና ያኔ የፓኪስታን ወደነበረችው ዳካ ሄደው ለቤንጋሊ ተናጋሪዎች የመንግሥት ቋንቋ ኡርዱ እንደሚሆን ነገሯቸው። የካቲት 21 ቀን 1952 ተማሪዎች ተቃውመው ሲወጡ ፖሊስ ተኮሰባቸው፤ ሞቱ። እንዲህ ዓይነት ቅሬታ ካጋጠመዎ ቅር የተሰኙትን ያጽናኗቸው። ቀን ይሰጣቸዋል። ዩኔስኮ በ1999 የካቲት 21ን ዓለም አቀፍ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ብሎ ሰይሞላቸዋል። 47 ዓመት መታገሥ ብቻ ነው።

አሁን ሁለቱ ቋንቋዎች ተለይተዋል፤ ሕግም አላቸው። ወደ ፍርድ ቤት ሊወስዷቸው ይችላሉ። ከመሄድዎ በፊት ግን እንግሊዝኛ ይማሩ።

ይህን የምልዎ ለጥቅምዎ ነው። የሕንድ ሕገ መንግሥት ከ1950 ጀምሮ ለእንግሊዝኛ 15 ዓመት ሰጠው፤ እስኪሸኝ ድረስ። የፓኪስታን የ1973 ሕገ መንግሥትም፣ አንቀጽ 251 ላይ፣ ኡርዱ ቦታውን እንዲረከብ 15 ዓመት ሰጠ። አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ ያው 15። የመጀመሪያው 15 በ1965 አለቀ፤ ከሁለት ዓመት በፊት በወጣ አዋጅ እንግሊዝኛ እንዲቆይ ተደርጎ ነበር፤ ማድራስ ግዛት ደግሞ ሂንዲ እንዳይመጣባት ተነሥታ ሰው ሞቷል። ሁለተኛው 15 በ1988 አለቀ። በ2015 የፓኪስታን ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንቀጹ ይፈጸም ብሎ አዘዘ። ትዕዛዙን በአክብሮት ይጠብቁ፤ ከእሱ በፊት የነበረውም ይጠበቅ ነበር። በሕንድ በኩል አንቀጽ 348 የከፍተኛ ፍርድ ቤቶችና የአዋጆች ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው ይላል። በ2019 የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፖሊስ በክስ መዝገብ ላይ ተራው ሰው የማይረዳቸውን የኡርዱና የፋርስ ቃላት መጻፉን እንዲተው አሳሰበ። ተራው ሰው የሚረዳው ቋንቋ አስፈላጊ መሆኑን ፍርድ ቤቱ በእንግሊዝኛ ገለጸ።

ስለዚህ ማመልከቻዎን እንዲህ ያዘጋጁ። መጀመሪያ በሂንዲ ይጻፉ፤ ዱላውን ያቁሙ። ከዚያ በኡርዱ ይጻፉ፤ ዱላውን ያስተኙ። ሁለቱንም ከረጢት ውስጥ ያስገቡ። ለፍርድ ቤቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ያስገቡ፤ በትንሿ ነጥብ የተዘጋውን። እሷ አልቆመችም፣ አልተኛችም፤ ከሁለቱም ጋር አልተጣላችም።

ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የመንግሥት ሂንዲ ካጋጠመዎ ትንሽ ይታገሡ። ተርጓሚው «ጆ»ን ከስሙ ኋላ፣ በሁለት ሰረዝ መሐል፣ እንግሊዞች እንደሚያደርጉት ይሸጉጠዋል፤ «ዎ ሰው፣ ጆ እንዲህ ያደረገ፣ እንዲህ ይሆናል» እያለ። ሕጉ ራሱ ሁለት ሰረዝ ለምን እንዳስፈለገው አያውቅም። ተቀባዩ ከአዝማሪው ቀድሞ ገብቷል። ያንብቡ፣ ይፈርሙ፣ ይውጡ።

የቤት ሥራ ልስጥዎ። ሦስት ተረት ናቸው፤ ሁሉም በዚያው አጥንት የቆሙ። «ጂስኪ ላቲ ኡስኪ ቤንስ»፤ ዱላው የማን ከሆነ ጎሿም የእሱ ናት። «ጄሳ ዴስ ዌሳ ቤስ»፤ አገሩ እንደሆነው አለባበሱም እንደዚያው። «ጆ ገረጅቴ ሄን ዎ በረስቴ ነሂን»፤ የሚያጓራ ደመና አይዘንብም። እያንዳንዳቸውን የሂንዲና የኡርዱ ብለው ያካፍሉ። ይሞክሩ። እንደማይቻል ሲያዩ አይናደዱ፤ ከውጭ የመጣ ቃል ስለሌለባቸው የሚያዝ ጫፍ የላቸውም። ሁሉንም ለሁለቱም ይስጧቸው፤ ለእያንዳንዱም ሌላው ከእሱ እንደተዋሰ በጆሮው ይንገሩት። ሁለቱም ደስ ይላቸዋል።

ፊልም ማየት ሲፈልጉ ድምፁን ቀንሰው ይዩ። ምክንያቱ ይህ ነው። «ሾሌ»ን፣ የ1975ቱን፣ ሁሉም የሂንዲ ፊልም ይለዋል። ጽሑፉ የሰሊም ኻንና የጃቬድ አኽተር ነው፤ ጃቬድ አኽተር ደግሞ ንግግሩን የሚጽፉት በኡርዱ ፊደል ነው፤ ከዚያ ሌላ ሰው ወደ ሂንዲ ፊደል ይገለብጠዋል። ወረቀቱ ላይ ኡርዱ የነበረው ተዋናዩ አፍ ሲገባ ሂንዲ ይሆናል፤ ካራቺ በድብቅ በተቀዳ ካሴት ሲታይ ተመልሶ ኡርዱ ይሆን ነበር። የድሮዎቹን ፊልሞች መክፈቻ ልብ ብለው ካዩ ርዕሱ በሦስት ፊደል ተጽፎ ያገኙታል፤ በላቲን፣ በዴቫናጋሪ፣ በኡርዱ። ርዕሱ ከጠፋ በኋላ ግን ሰዎቹ ማውራት ይጀምራሉ፤ ልፋታችን ሁሉ እዚያ ላይ ይፈርሳል። ርዕሱን አይተው ይውጡ።

ጋዜጣ ከወደዱ የኡርዱው ይሻላል፤ ቢያንስ ድካም ይታይበታል። ቼናይ ውስጥ በ1927 የተጀመረው «ሙሰልማን» ለአሥርት ዓመታት በእጅ እየተጻፈ ነው የታተመው። ፓኪስታን ውስጥ «ጃንግ» በ1981 የኮምፒውተር ነስታሊቅ (የኡርዱ ጽሕፈት ስልት) ፊደል እስኪመጣለት ድረስ ጸሐፊዎች ገጹን በብዕር ይጽፉት ነበር። የተጋደመችውን ዱላ በቀን ስንት ጊዜ እንዳስተኟት ያስቡት።

ሕዝብ ቆጠራ ከመጣ ቅጹን በጥንቃቄ ይሙሉ። በሕንድ የ2011 ቆጠራ 528 ሚሊዮን ሰው ሂንዲ የአፍ መፍቻው ነው ተብሎ ተመዝግቧል፤ ቁጥሩ ውስጥ ቦጅፑሪና ሌሎች ብዙ ቋንቋዎች ሳይጠየቁ ገብተው ተቀምጠዋል። እርስዎ ቦጅፑሪ ተናጋሪ ከሆኑ እንኳን ደስ አለዎ፤ ሂንዲ ይችላሉ። ኡርዱን የአፍ መፍቻ ያሉት ደግሞ ከ50 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ፓኪስታን ውስጥ፣ በ2017ቱ ቆጠራ፣ ኡርዱ የአፍ መፍቻው የሆነ 7 በመቶ ገደማ ነው፤ ከ15 ሚሊዮን የማይበልጥ። ስለዚህ ኡርዱን ከእናት ጡት ጋር የጠባ ሰው ለማግኘት ካሰቡ ብሔራዊ ቋንቋዋ ወዳደረገችው አገር አይሂዱ። ከድንበሩ ማዶ ይፈልጉ።

ወጣቶቹን ግን ይምከሩልኝ። ስልክ ሲይዙ ይህን ሁሉ ሥርዓት ይረሱታል። በላቲን ፊደል፣ ሰረዝ ሳያስገቡ፣ ዱላ ሳያቆሙ ወይም ሳያስተኙ፣ «ጆ ከል ኣያ ታ ዎ ሜራ ባኢ ሄ» ብለው ይላላካሉ። መልእክቱ ከዴልሂ ይሁን ከላሆር ለማወቅ ምንም ምልክት የለበትም። የባሰው ደግሞ ይግባባሉ። ዱባይ ውስጥ አንድ ክፍል የሚጋሩ፣ አንዱ ከካንፑር አንዱ ከፋይሰላባድ የመጡ ሠራተኞች ካወቁ ቀርበው ያነጋግሯቸው። የሚነጋገሩት በሁለት የተለያየ ቋንቋ መሆኑን በፍቅር ያስረዷቸው። ሊስቁ ይችላሉ። አማርኛ ተናጋሪ እህታችን እዚያው ከአሠሪዎቿ ሾፌር ሰምታ የለመደችውን ብትናገርም አይቆጧት፤ ብቻ የትኛውን ቋንቋ እንደለመደች ጠይቀዋት ስትደናገር መንገድ ያሳዩዋት።

የመጨረሻው ምክር አጭር ነው፤ ግን ከጉዳት የሚያድንዎ እሱ ነው። አንድ ቀን ተናግረው ሲጨርሱ ሰው ይጠይቅዎታል፤ «አሁን የተናገርከው በየትኛው ቋንቋ ነው?» ብሎ። ወዲያው አይመልሱ። መጀመሪያ ጠያቂውን ይዩ። ከኋላው ስንት ሰው እንደቆመ ይዩ። ሱቁ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ፣ መስመሩ ቆሞ ይሁን ተጋድሞ፣ ያንብቡ። ከዚያ በረጋ ድምፅ የሚስማማውን ስም ይጥሩ። ያልተስማማውን ከጠሩ ደግሞ ፈጥነው ይቅርታ ይጠይቁ። ሁሉም ሰው የሚለው «ማፍ ኪጂዬ» ነው። «ማፍ» ግን ከአረብኛ የመጣ ስለሆነ፣ ጠያቂው ንጽሕና የሚወድ ከመሰለዎ፣ አውጥተው «ክሸማ» ያስገቡበት። «ኪጂዬ»ን እንዳለ ይተዉት፤ ለእሷ እስካሁን ሌላ አልተገኘላትም።